ሐተታ አታብዛ

እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ እኛ ሰፈር ግን «ፈላስፋ» ስድብ ነው። የታክሲ ረዳት መልስ ሲያጎድልበት ሂሳቡን ከመነሻው ማስረዳት የጀመረ ተሳፋሪ «ባክህ አትፈላሰፍብኝ» ይባላል። ልጅ «ለምን?» ብሎ ሁለት ጊዜ ከጠየቀ «አንተ ፈላስፋ!» ተብሎ ሽንኩርት እንዲገዛ ይላካል። ጎረቤት ቧንቧ ሲጠግን ቆሞ ከማየት አልፎ «እንዲህ ብታደርገውስ?» ያለ ሰው የፈላስፋነት ማዕረግ እዚያው ይሰጠዋል፤ ያለ ጋውን፣ ያለ ምርቃት።

«ሐተታ» የሚለውንም ቃል ተመልከቱት። በግዕዝ «ሐተተ» ማለት መረመረ፣ ጠየቀ፣ ፈተሸ ማለት ነው። የውጭ ምሁራን ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት መጽሐፍ ስሙ «ሐተታ» ነው። ዛሬ ቃሉን የምንሰማው የት ነው? «ሐተታ አታብዛ፣ ወደ ገደለው ግባ» ሲባል። ሦስተኛው «ጥራዝ ነጠቅ» ነው። ከዚህም ከዚያም ገጽ ቀንጭቦ ያነበበ፣ መምህር ያልያዘው ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ፍልስፍና ለመማር ለተነሳ ሰው ቋንቋችን ያዘጋጀለት የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ይኸው ነው፤ ሲጠይቅ ፈላስፋ፣ ሲመረምር ሐተታ አብዢ፣ ሲያነብ ጥራዝ ነጠቅ።

ሦስቱም እኔን ይመለከቱኛል። የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። አሁን እዚህም እዚያም እየጻፍኩ እኖራለሁ፤ «ፍሪላንሰር» ይባላል፣ እናቴ ግን አጠር አድርጋ «ሥራ ፈት» ትለዋለች። የምኖረው ቃሊቲ ነው። «ቃሊቲ ነኝ» ስል አራት ኪሎ ያሉ ጓደኞቼ «መቼ ገባህ?» ይሉኛል፤ ለብዙ ሰው ቃሊቲ ማለት ማረሚያ ቤቱ ነዋ። ለእኛ ግን ቃሊቲ ጉምሩክ ነው፣ ፋብሪካ ነው፣ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ነው፣ ተራ የሚጠብቅ ከባድ መኪና ነው፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወስድ ባቡር መነሻ ነው። ፍልስፍና ሲባል ግሪክ፣ ነጭ ዓምድና የወይራ ዛፍ የሚታየው ሰው እዚህ መጥቶ ቢያድር ጥሩ ነበር። አቧራችን ብቻውን «እውን የማየው ነገር አለ ወይ?» ያሰኛል።

ነገሩ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ሸማች ባህርይ ስንማር ሸማቹ «ምክንያታዊ» ነው፣ እርካታውን ከፍ ለማድረግ ይኖራል ተባለ። እጄን አውጥቼ «ይሄን ማን አለ?» አልኩ። «እሱ አሳምፕሽን ነው፣ እለፈው» ተባልኩ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጨርሰው ምዕራፍ ነበረው። እኔ ግን ያቺን «እለፈው» ማለፍ አቃተኝ። አራት ዓመት ሙሉ ኩርባ ስናሰምር፣ አንዱን መስመር ወደ ቀኝ ስንገፋ፣ ሌላውን ወደ ግራ ስንስብ፣ ከሥር ያለውን መሬት ማንም አልቆፈረልንም።

ከተመረቅኩ በኋላ ራሴ ቆፈርኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ አዳም ስሚዝ ሆነ። የኢኮኖሚክስ አባት የምንለው ሰው ከ1752 እስከ 1764 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበር። ስለ ሀብት የጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ የወጣው በ1776 ነው፤ ከዚያ 17 ዓመት ቀድሞ ስለ ሰው ልጅ የሞራል ስሜት፣ ሌላው ሲያዝን ለምን እንደምናዝን የሚመረምር ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ይኼን ሁለተኛውን ክፍል ውስጥ በስሙ እንኳ አልሰማሁትም። አባታችን ሁለት ቤት ነበረው፣ የነገሩን ስለ አንዱ ብቻ ነው።

ስሚዝ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የውሃና የአልማዝ ነገር ነው። ውሃ ከሌለ እንሞታለን፣ ዋጋው ግን ትንሽ ነው፤ አልማዝ እምብዛም አይጠቅምም፣ ዋጋው ግን ሰማይ ነው። መጽሐፎቹ ይህንን ለማስረዳት ሁለት ቃል ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ለገበያ ዋጋ፣ ሌላው ለነገሩ ፋይዳ። እኛ ግን ለሁሉም «ዋጋ» እንላለን። «ዋጋው ስንት ነው?» ገበያ ነው። «ዋጋ የለውም» ስንል አይረባም ማለታችን ነው። «ዋጋውን አገኘ» ቅጣት ወይም ሽልማት ነው። «ዋጋ ከፈለ» ደግሞ ሰው ለእምነቱ ሲታሰር፣ ሲሰደድ፣ ሲሞት የምንለው ነው። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ላይ የጫነ ሕዝብ ሁለቱን ነገር ሳይለይ ቀርቶ ነው ወይስ እንዳይለያዩ ፈልጎ? ውሃ በጠፋ ሳምንት ቢጫ ጄሪካን ይዞ የተሰለፈ የቃሊቲ ሰው መልሱን ያውቃል ባይ ነኝ። ለማንኛውም ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ቀጥሎ ቤንተም መጣ። «እርካታ» የምትለዋን ሀሳብ ተከትዬ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት እንግሊዛዊ ፈላስፋ ነው፤ መልካም ሥራ ማለት ለብዙ ሰው ብዙ ደስታ የሚያመጣ ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያስፋፋ። በ1832 ሲሞት ሥጋው ለሕክምና ትምህርት እንዲውል፣ አጽሙ ደግሞ የራሱን ልብስ ለብሶ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተናዘዘ። እንደተናዘዘውም ተደረገ። ልብሱ ውስጥ ጭድ ተጠቅጥቆ፣ የእውነተኛው ጭንቅላት አደራረቅ ስለተበላሸ በሰም የተሠራ ጭንቅላት ተገጥሞለት ዛሬም ለንደን፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል።

ይህንን ቡና እያፈላች ላለችው እናቴ ነገርኳት። ስኒውን አስቀመጠችና «አፈር ሳይቀምስ?» አለች።

«አዎ። ሰው ከሞተም በኋላ መጥቀም አለበት ብሎ ነው።»

«አራት ዓመት የተማርከው የዚህን ሰው ትምህርት ነው?»

«ከእሱ የመጣ ሀሳብ አለበት።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ጠቀመ?» አለችኝ።

ስለ ቤንተም የጻፉ ምሁራንን ሳነብ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ያቀረበለት አላጋጠመኝም። ጥቅምን የነገር ሁሉ መለኪያ ያደረገን ሰው በገዛ ሚዛኑ አስቀመጠችው። ከዚያ «ሐተታህን ተውና ከሰሉን አምጣ» አለች።

ከቤንተም ተከታዮች ውስጥ ልቤ የገባው ግን ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። አባቱ በ3 ዓመቱ ግሪክኛ ያስጀመረው ልጅ ነው፤ እኛ ሰፈር ቢሆን የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ይባል ነበር። በ20 ዓመቱ፣ በ1826፣ ራሱን አንድ ነገር ጠየቀ፤ በዓለም ላይ እንዲለወጥ የምመኘው ሁሉ አሁን ቢለወጥ ደስተኛ እሆናለሁ? ከውስጡ የመጣው መልስ «አይ» የሚል ነበር፤ ለወራትም በከባድ ድብርት ውስጥ ቆየ። የእኔን ዕድሜ የሚያክል ሰው ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲተዋወቅ ሥራ አጥነት ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። ሥራውን ባገኝስ?

በራስ መማር ሲባል የሚቀል የሚመስለው ሰው አለ። መጀመሪያ ስሞቹ ራሳቸው ፈተና ናቸው። ኮጊቶ ያለውን ፈረንሳዊ አንዱ ተርጓሚ «ዴካርት»፣ ሌላው «ደካርት»፣ ሦስተኛው «ዴስካርተስ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ለማያውቅ ሦስት ወንድማማቾች ይመስላሉ። ስለ ጀርመኑ ኒቼ አጻጻፍ ደግሞ ገና ስምምነት ላይ አልተደረሰም። ሁለተኛው ፈተና ባቡር ነው። ከቃሊቲ ተነስቼ ካንትን የማነበው ቆሜ ነው። አንድ የካንት ዓረፍተ ነገር ሳሪስ አካባቢ ይጀምርና ሜክሲኮ ሲደርስ ግሡ ይመጣል። መሀል ላይ «ወጣቱ፣ ትንሽ ጠጋ በል» የሚል ሰው ከተነሳ እንደገና ከሳሪስ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። የሚነበበው በእንግሊዝኛ፣ የሚታሰበው በአማርኛ ነው። ሀሳቡን ለሰው ላስረዳ ስል አፌ ላይ የሚመጣው ግማሽ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ በግማሽ እንግሊዝኛ የተነገረ ሀሳብ ደግሞ ቃሊቲ ውስጥ ጉራ እንጂ ፍልስፍና አይባልም። ቃሉ የለንም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው ቃሉ የት እንዳለ ያገኘሁት። ሁለት ቦታ ነበር፤ ሁለቱም ከቤቴ በእግር የሚኬድባቸው ናቸው።

መንገድ ዳር አንዲት የጀበና ቡና ቤት አለች፤ ቤት ካልናት። አራት ዱካ፣ አንድ ሸራ፣ ፊት ለፊቷ የቆሙ መኪናዎች። እሑድ ከሰዓት እዚያ ከሚቀመጡት አንዱ ጋሼ ናቸው። አቃቂ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሠርተው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛሁትን፣ ሞስኮ የታተመ የፍልስፍና መጽሐፍ ይዤ አዩኝና ሽፋኑን ገልበጥ አደረጉት። «ፕሮግሬስ!» አሉ፤ የድሮ ጓደኛ እንዳገኘ ሰው። ከዚያም ሳልጠይቃቸው «ቁስ አካል ቀዳሚ ነው፣ ንቃተ ሕሊና ተከታይ ነው። መጠናዊ ለውጥ ዓይነታዊ ለውጥን ያመጣል…» እያሉ ወረዱት።

ለካ ጋሼ ፍልስፍና ተምረዋል። በደርግ ዘመን በየፋብሪካውና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ነበር። ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነት ለወዛደሩ የሚሰጠው በአማርኛ ነው። ርዕዮተ ዓለም፣ ወዛደር፣ ከበርቴ፣ ቁስ አካል፣ ንቃተ ሕሊና፣ ተቃርኖ። ዛሬ በዜና የምንሰማቸው ከእነዚህ ብዙዎቹ በሕዝብ አፍ የገቡት በዚያ ዘመን ነው። ስለ ዘመኑ የፈለጋችሁትን በሉ፤ እኔም የምለው አለኝ፤ ፍልስፍናን በአማርኛ ለፋብሪካ ሠራተኛ ለማስተማር በመንግሥት ደረጃ የተሞከረው ግን ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ በእንግሊዝኛ «ክሪቲካል ቲንኪንግ» ተማርን፤ ባለ ሦስት ክሬዲት።

ሁለተኛው ዱካ ላይ የሚቀመጠው ዲያቆን ነው፤ እኩያዬ ነው፣ ቅኔ ቤት የገባ። እሱ ደግሞ ሌላ ከረጢት አለው። ህላዌ፣ ባሕርይ፣ አካል፣ ግብር፣ ልቡና። «ቢይንግ» የሚለውን ለመተርጎም ስታገል ሰምቶ ሳቀብኝ። ባሕርይ ምንድን ነው፣ አካል ከባሕርይ በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ሊቃውንትን ጉባኤ ያስቆመ፣ ነገሥታትን ያጣላ ነው። ቃላቱ እስኪሳሉ ድረስ የተፈተጉ ናቸው። እኔ ከእንግሊዝኛ ልዋሰው የነበረውን የቆሎ ተማሪ በልመና እንጀራ እየኖረ በቃሉ ይዞታል። ደግሞም ጋሼና ዲያቆኑ «አካል» ሲሉ ፍጹም የተለያየ ነገር ማለታቸው ነው፤ አንድ ሙሉ እሑድ በዚህ አለቀ። ቡናዋን የምታፈላው ልጅ በመጨረሻ «አካል አካል አትበሉብኝ፣ ሰው ፈራ» አለች።

አራተኛውን ሰው ልንገራችሁ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ የከባድ መኪና። ጋሼ ስለ መጠናዊና ዓይነታዊ ለውጥ ሲያስረዱ ኤንግልስ የሚወደውን ምሳሌ አመጡ። ውሃ ሲሞቅ 98 ዲግሪም ውሃ ነው፣ 99ም ውሃ ነው፣ 100 ሲሞላ ግን ዘሎ እንፋሎት ይሆናል፤ አብዮትም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «ጋሼ፣ ውሃው የት ነው የተጣደው?» አለ።

«እንዴት የት?»

«ምስር እዚህ ስቀቅልና ጅቡቲ ስቀቅል አንድ አይደለም። እዚያ ቶሎ ይበስላል። እዚህ ይንተከተካል እንጂ አይበስልም።»

ልክ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል፤ ከ2 ሺሕ ሜትር በላይ ላይ ያለችው ቃሊቲ ውስጥ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ግን ውሃው እስከ 100 ድረስ ይግላል፣ ምስሩም ቶሎ ይበስላል። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያው እዚህ አገር ሳይበስል የሚፈላው ለዚህ ነው በለኛ» አሉ። ስለ ውሃ ይሁን ስለ ሌላ ነገር አልነገሩንም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሐተታው መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዲያቆኑ ስለሚቆጣ አላወጣሁትም ነበር፤ ጾምንና ምንኩስናን የሚነቅፍ መጽሐፍ ነው። በኋላ ግን ወጣ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። ዘርዓ ያዕቆብ፣ በቤቱ ስም ወርቄ፣ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤት የተወለደ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ሰዋስውና ቅኔ ተምሮ፣ መጻሕፍት አሂዶ፣ መምህር ሆነ። ዘመኑ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉበት፣ አገር ለሁለት የተከፈለበት ነው። ይህ መምህር ግን አንዱን ወገን ብቻ ከማስተማር ይልቅ «ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾቹ እንዲህ ይላሉ» እያለ ሁለቱንም አቀረበ። ሁለቱንም ወገን ማስከፋት ከፈለጋችሁ መንገዱ ይኸው ነው። ወልደ ዮሐንስ የሚባል ጠላቱ ለንጉሡ ከሰሰው። ጥቂት ወርቁንና ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ፤ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያ ነው የመረመረው። ሰው ሁሉ የራሴ ሃይማኖት ልክ ነው ይላል፣ ታዲያ ማን ይፍረድ? ፈራጁ ፈጣሪ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ ያኖረው የልቡና ብርሃን ነው የሚል መልስ ላይ ደረሰ። ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ እንፍራንዝ ገብቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየገለበጠና ልጆች እያስተማረ ኖረ። የሚያስበውን ግን ለሰው አልተናገረም። ሰዎች እንደ እነሱ የሚያምን መስሏቸው ኖሩ። በ1667 እ.ኤ.አ. ሐተታውን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው።

አሁን ችግሩ። መጽሐፉን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ ላከለት፤ ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ተነስቶ «ይህን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። በ1934 ጀርመናዊው ሚትቮክ አጠናከረው። ከዚያ ደግሞ በ1953 ወደ አዲስ አበባ የመጣው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ዘመኑን በዚሁ ጉዳይ ላይ አዋለ፤ ከ1974 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ አሳተመ፣ ሐተታው የኢትዮጵያዊው ነው ብሎም ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? ጣሊያናዊ ጻፈው ብሎ የካደን ጣሊያናዊ፣ የናንተ ነው ብሎ የተሟገተልን ካናዳዊ ነው። እኔ ቃሊቲ ተቀምጬ ይህን ሙግት የማነበው በእንግሊዝኛ ነው።

ቡና ላይ የኢኮኖሚክስ ተማሪነቴ ተነሳብኝና እንዲህ አልኩ፤ «ጸሐፊው ማንም ይሁን ግድ የለም። የመቶ ብር ኖት ሐሰተኛ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሰጠው አውጪው ባንክ ነውና። ክርክር ግን ብር አይደለም። ልክ ከሆነ ማንም ቢያወጣው ልክ ነው። ሁለት ሲደመር ሁለትን ጁስቶም ይጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ አራት ነው።» አሁንም ጥሩ ክርክር ይመስለኛል።

ዲያቆኑ መጽሐፉን ስለማይወደው የእኔ ደጋፊ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹ማንን ይዘህ ተማርክ?› ነው» አለ። «ትምህርቱን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ምን እንዳስከፈለው ለማወቅ ነው። ያኛው ፈረንጅ ጽፎት ከሆነ፣ አገሩ መጽሐፍ ሞልቶለት፣ የሌላ ሰው ስም ለብሶ ነው። ያኛው ደግሞ ከጻፈው አንገቱን ይዞ ነው። ቃሉ አንድ ሊሆን ይችላል። ዋጋው አንድ ነው?»

አያችሁ፣ «ዋጋ» መጣች። እኔ የብርን ዋጋ ይዤ ስከራከር እሱ የከፈሉትን ዋጋ አመጣብኝ፤ በአማርኛ ሁለቱም አንድ ቃል ስለሆኑ ማምለጫ አልነበረኝም። የክርክሩ ልክነት ከጸሐፊው ጋር እንደማይሄድ አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን ሐተታው ስለ መጠየቅ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። መጠየቅ አንዱን የሚያስከብር ሌላውን ዋሻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ማን ጠየቀ የሚለው የጥያቄው አንድ ክፍል ነው። አንድ ገጠሬ ደብተራ ብቻውን፣ በግዕዝ፣ እዚህ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ለእኔ ለመሰለ መምህር ላልያዘ ሰው ይህ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ምን ያህል ርቆ ማሰብ እንደሚችል የሚነግረን ማስረጃ ነው። (ከበር ውጭ ስል የእኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ትዝ ይለኛል። በጀርመን ሕክምና የተማረ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፉ ግን ዛሬ የሚነበበው እንደ ኢኮኖሚስት ሥራ ነው። የእኛን ሙያ ያስጀመረልን ራሱ ከሌላ ቤት የመጣ ነበር።)

ጋሼ በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ስኒያቸውን እያዟዟሩ «እኔም አንድ ያልጠየቅኩት ነገር አለኝ» አሉ።

በ1970 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ገና ወጣት ናቸው። ክበቡ ውስጥ ካድሬው ያስተምራል። ሁሉ ነገር ውስጥ ተቃርኖ አለ፣ ተቃርኖው ነገሩን ይለውጠዋል፤ የባሪያ ሥርዓት በፊውዳል፣ ፊውዳሉ በካፒታሊዝም፣ ካፒታሊዝሙ በሶሻሊዝም፣ መጨረሻው ኮሚኒዝም። ጋሼ ውስጣቸው አንድ ጥያቄ ተነሳ፤ ኮሚኒዝምንስ ምን ይለውጠዋል? ተቃርኖ ሁሉ ቦታ ካለ እዚያም አለ፤ እዚያ ከሌለ ሁሉ ቦታ አለ መባሉ ልክ አይደለም። እጃቸው ሊነሳ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አጠገባቸው ይቀመጥ የነበረ ልጅ ስለ ደመወዝ አንድ ነገር ጠይቆ ነበር፤ የዚያን ዕለት ወንበሩ ባዶ ነው። ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ይኸው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና «አንተ የተማርክ ነህ። መልሱን አይደለም የምጠይቅህ። ጥያቄው ጥያቄ ነው ወይ? ወይስ የመሃይም ነገር ነው?»

ጥያቄው ጥያቄ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከሄግል ጀምሮ ታሪክ መድረሻ አለው በሚሉ ሁሉ ላይ ይኸው ጥያቄ እንደሚነሳ፣ በዚህ ላይ ብዙ መጽሐፍ እንደተጻፈ፣ የማርክስ ወገን የሆኑ ሰዎችም «የመደብ ተቃርኖ ያበቃል እንጂ ተቃርኖ ሁሉ አያበቃም» እያሉ እንደመለሱ የማውቀውን ያህል አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እንግዲያው ተጠይቋል» አሉ። ደስ ያላቸውም የከፋቸውም ይመስላሉ።

«ያኔ ብጠይቀው ኖሮስ?» አሉ ትንሽ ቆይተው።

«ዛሬ እዚህ ተቀምጠው አይጠይቁንም ነበር» አለ ዲያቆኑ።

ሹፌሩ ሂሳብ ከፈለ። የሁላችንንም ነው የከፈለው፤ ሌሊት ይነሳል። ከመሄዱ በፊት መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገለጥ ገለጥ አደረገና «የተማሪውንስ አነበባችሁት?» አለ። ወልደ ሕይወት ከመምህሩ በኋላ የራሱን ሐተታ ጽፏል፤ ከመምህሩ ይልቅ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚናገረው እሱ ነው። ዲያቆኑ ግዕዙን በቃል እያወረደ ሊያሰማን ተስማማ፤ «ለማረም ነው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ። ጋሼ መነጽራቸው ስለደከመ ትልቅ ፊደል ይፈልጋሉ። እኔ አማርኛውን አስፍቼ አራት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስነስቻለሁ፤ ወጪው ለአራት ሲካፈል ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ሹፌሩ ከጅቡቲ እስኪመለስ እንዳትጀምሩ ብሏል።